ከመተሐራ ወደ ደሴ፦ ከማሞቂያው በፊት ኮርኒሱ

ጥያቄ፦ «በባለቤቴ የሥራ ዝውውር ምክንያት ከመተሐራ ወደ ደሴ መጥተን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ቤት ተከራይተናል። ቤቱ የብሎኬት ነው። ሳሎኑ የጨርቅ ኮርኒስ አለው፤ ሁለቱ መኝታ ቤቶች ግን ኮርኒስ ስለሌላቸው ቆርቆሮው ይታያል። የአምስት ወር ሕፃን አለን። ገና ኅዳር ሳይጋመስ ብርዱ እንቅልፍ ነሳን፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዝናብ ሳይኖር ከቆርቆሮው ውሃ አልጋችን ላይ ይንጠባጠባል። አሜሪካ ሚኒሶታ የሚኖረው ወንድሜ ቧንቧውን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ ሌሊት ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይደር፣ በርና መስኮቱን በፕላስቲክ አሽጉ ይለኛል። ጎረቤታችን እማማ በበኩላቸው ከሰሉ ደህና አድርጎ ከቀላ በኋላ ጨው ነስንሰሽ መኝታ ቤት አስገቢው፣ እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው እንደዚያ ነው አሉኝ። ባለቤቴ ባለ 2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊገዛ ነው። ገንዘባችን ለሁሉም አይበቃም። ከየቱ እንጀምር?»

ምላሽ፦ የወንድምዎና የጎረቤትዎ ምክር አንድ ላይ ከተፈጸመ ሰው ይገድላል። በፕላስቲክ የታሸገ መኝታ ቤት፣ ውስጡ የከሰል ፍም፣ አልጋው ላይ የተኛ ሕፃን ማለት ነውና። ስለ ኮርኒሱም ሆነ ስለ ማሞቂያው ከመናገሬ በፊት ይህን ልጨርስ። መኝታ ቤት ከሰል አይገባም። ቀልቶም፣ ጨው ተነስንሶበትም፣ በአመድ ተዳፍኖም፣ «ክፍሉን ሞቅ እስኪያደርግ ብቻ» ተብሎም አይገባም።

ጎረቤትዎ የነገሩዎት በብዙ ቤት የሚታመን ነው። ስህተቱ የሚመነጨው ጭሱንና መርዙን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ጭስ ይታያል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ያስላል፤ ከሰሉ ሲቀላ ደግሞ ይጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ዝም ብሎ በሚግልበት ሰዓት በብዛት ይወጣል። ፍሙ በአመድ ሲዳፈን የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ነገሩ ይብስበታል እንጂ አይሻልም። ጨው ፍሙን ያንጣጣዋል፤ ጋዙን ግን አይዘውም። በኩባያ የሚቀመጥ ውሃም፣ የሎሚ ልጣጭም፣ ዕጣንም አይዙትም። ጋዙ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ነው፤ ስለዚህ ጥቂቱም ቢሆን የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ደሴ ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በ2,500 ሜትር ከፍታ አካባቢ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሰውነት በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ከመጀመሪያውም ያንሳል። ከቆላ ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ ገና ለከፍታው ያልለመደ ሰውነት አለ።

«እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው እንደዚያ ነው» ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ጨው አይደለም። የድሮው ቤት በግድግዳው ስንጥቅ፣ በጣሪያውና በግድግዳው መገናኛ፣ በበሩ ሥር አየር ያስገባና ያስወጣ ነበር። በሲሚንቶ የተለሰነ፣ መስታወት የተገጠመለት፣ በሩ የላሜራ የሆነ የዛሬ ቤት እንዲያ አያደርግም። ያው የከሰል ምድጃ፣ ያው ጨው፣ ሌላ ቤት ውስጥ ሲገባ ውጤቱ ሌላ ነው። በተለይ አራስ ያለበትን ክፍል «ነፋስ እንዳይገባ» ብሎ ዘግቶ ከሰል ማስገባት እናትና ልጅ አብረው የሚሞቱበት ልማድ ነው፤ ጎረቤትዎን በአክብሮት ያመስግኑ፣ ምክራቸውን ግን አይፈጽሙ።

ለቡና የሚቀጣጠለውን ከሰል ልከለክልዎ አልችልም፤ ወሎ ተቀምጦ እንዲያ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው የሚሰማው የለም። ቡናው ሳሎን ይፈላ፤ በሩና አንዱ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ሕፃኑ ከምድጃው ይራቅ። ቡናው ሲያበቃ ምድጃው ከነፍሙ ውጭ ይውጣ። ከበሩ ኋላ ወይም ኮሪደር ላይ ዳፍኖ ማሳደር እንደ ማውጣት አይቆጠርም። ከሰል ባለበት ቤት ውስጥ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማዎት፣ በተለይም ከአንድ ሰው በላይ ከተሰማው፣ ሁሉም ሰው ቶሎ ወደ ውጭ ይውጣና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ንጹሕ አየር ሲያገኝ የተሻለው ሰው እንኳን ኦክስጅን ሊያስፈልገው ስለሚችል «አሁን ደህና ነኝ» ብሎ መመለስ የለበትም። ሕፃን ራሱን እንደሚያመው አይናገርም፤ የተኛ ሰውም አይነቃም።

አሁን ወደ ወንድምዎ። ያሉት ነገር ለሚኖሩበት አገር ልክ ነው። ሚኒሶታ በክረምት ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ መሬቱ ራሱ ከአንድ ሜትር በላይ ጠልቆ ይቀዘቅዛል። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ቧንቧ ይፈነዳል። የዚያ አገር ሰዎች መጨነቅ የሚጀምሩት ግን የውጩ አየር ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ወርዶ ለሰዓታት ሲቆይ ነው። ደሴ ላይ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አይቆይም። ሣር ላይ የሚያዩት ውርጭ፣ ወይም ውጭ በተተወ ጎማ ጫፍ ላይ የሚታይ ስስ በረዶ፣ መሬት የነኩና ሰማይ ያዩ ነገሮች ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዙ የሚፈጠር ነው፤ ፀሐይ ሲነካው ይጠፋል። ስለዚህ ቧንቧውን አይጠቅልሉ። ሌሊቱን ውሃ ማንጠብጠብማ ፈጽሞ አያስቡት፤ በፈረቃ የሚመጣን ውሃ ለማይመጣ በረዶ ማፍሰስ ይሆናል።

የእርስዎ ብርድ ከየት እንደሚመጣ ከተረዱ ገንዘቡ የት መዋል እንዳለበት ራሱ ይነግርዎታል። መተሐራ 950 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። በከፍታ 1,000 ሜትር በጨመርን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ እርስዎ በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ትተው መጥተዋል። ኮምቦልቻን ተሻግራችሁ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስትወጡ ብቻ ወደ 4 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ኮምቦልቻ ውሎ ደሴ የሚያድር ሰው ሁሉ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ የሚወርደው፣ ለብሶት የሚወጣው ለዚህ ነው።

ከፍታው ግን ግማሹ ነገር ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ድረስ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ መሬቱና ጣሪያው የያዙትን ሙቀት የሚመልስ ደመና ስለሌለ ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ከምሽት ጀምሮ እየበረታ ሄዶ ከሁሉ የሚከፋው ንጋት ላይ፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው። ያኔ የውጩ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ በባሰባቸው ሌሊቶች ደግሞ ከዚያም ብዙ ዝቅ ይላል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል። በጸጥታ ሌሊት ከቁልቁለቱ ወገብ ላይ ያለ ቤት፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ዝቅ ብሎ ከተሠራ ቤት ሊሻል የሚችለው ለዚህ ነው። እርስዎ ከጦሳ ግርጌ ነን ብለዋል፤ ጦሳ በምዕራብ በኩል ስላለ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሌላው ሰፈር ቀድማ ትጠልቅባችኋለች። ይህን ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ የደሴ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፤ ቀኑ ራሱ ሙቀት ይሰጣል። ቤቱ እንደ ሚኒሶታ ቤት ቀን ከሌት ሙቀት ማምረት አይጠበቅበትም። የቀኑን ሙቀት እስከ ንጋት ይዞ ማደር ነው የሚጠበቅበት። ያንን ሙቀት የሚያፈስሰው ዋናው ቀዳዳ ደግሞ ከራስዎ በላይ ያለው ቆርቆሮ ነው።

ቆርቆሮ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን የማይበልጥ ብረት ነው። ሙቀት አያቆምም፣ አያስቀርምም፤ ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ ወደ ሰማይ ሙቀት ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲነካ ሙቀቱን እዚያው ይጥላል። አብሮት የነበረውን እንፋሎትም ይጥላል። እያንጠባጠበ የሚያስነሳዎት ውሃ ከሦስት ሰው ትንፋሽ፣ ከሕፃኑ የታጠበ ልብስ፣ በቤት ውስጥ ከሚፈላው ውሃ የመጣ ነው። ባለቤትዎ ጣሪያው ያፈስሳል ብለው ሚስማሩን ሬንጅ ሊያስቀቡ ወይም ቆርቆሮውን ሊያስለውጡ አስበው ከሆነ ይተዉት፤ አዲስ ቆርቆሮም በዚያው ሌሊት ያልበዋል።

መፍትሔው ኮርኒስ ነው፤ ሁሉም ኮርኒስ ግን እኩል አይደለም። ሳሎናችሁ ውስጥ ያለው የጨርቅ ኮርኒስ አቧራ ይከለክላል፣ ዓይን ያሳርፋል፣ አየሩም ቀጥታ ወደ ቆርቆሮ እንዳይወጣ በመጠኑ ያግዳል። ከምንም ይሻላል፤ ለመኝታ ቤት ግን አነስተኛ ነው። ፕላስቲኩ ኮርኒስ ውሃ አይፈራም፣ ይታጠባል፣ ያምራል፤ ነገር ግን በራሱ ቀጭንና ባዶ ስለሆነ ከላዩ አንዳች ነገር ካልተደረበበት ሙቀት በመያዝ ብዙ አያኮራም፤ እሳት ሲነካውም ቀልጦ መርዛማ ጭስ ያወጣል። ጂፕሰም ቦርድ ጥሩ ነው፤ እሳትም በመጠኑ ይቋቋማል። ሆኖም ክብደቱን የሚችል የሞራሌ ሥራ ይፈልጋል፣ እርጥበት ይጠላል፤ ለኪራይ ቤትም ውድ ነው። ለእርስዎ የምመርጠው ችፑድ ነው። በቂ ውፍረት አለው፣ ማንኛውም አናጺ በአንድ ሁለት ቀን ይሠራዋል፣ ከላዩም ሙቀት የሚይዝ ነገር መሸከም ይችላል።

ከላዩ ምን ይደረብ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጭድ ሙቀት ይይዛል፤ ግን አይጥ ይወልዳል፣ እሳት ይወዳል። ሰጋቱራም እንዲሁ። በሱቅ የሚሸጠው ነጭ ፎም ቀላልና ውጤታማ ነው፤ ከኤሌክትሪክ መጋጠሚያ አጠገብ ከሆነ ግን አደገኛ ነው። ከተገኘ የመስታወት ሱፍ የሚባለው የተሻለ ነው፤ አይቃጠልም። ሲሠራ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልጋል፣ ከሥሩም ኮርኒሱ በደንብ የተገጠመ መሆን አለበት። ካልተገኘ ደጋው ያፈራውን መጠቀም ይቻላል፦ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ፈጽሞ የደረቀ የበግ ጸጉር፣ በጆንያ ውስጥ ሳይጠቀጠቅ ተሞልቶ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖረው ተደርጎ ይነጠፋል። ሳይታጠብ ከተነጠፈ ይሸታል፣ ብል ይበላዋል። ሙቀት የሚይዘው በጸጉሩ መካከል የታሰረው አየር ስለሆነ ጠቅጥቆ ብዙ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ምንም ይደረብ ምን፣ ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፈው ሽቦ አስቀድሞ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ይታይ። በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ ካለ በሳጥን ውስጥ ይግባ፤ በአምፑል መያዣው ዙሪያም ባዶ ቦታ ይተው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ይጨመር። ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላ ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለውን የሞገድ ክፍተት አይድፈኑት። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ነፋስ ማግኘት አለበት፤ ካልሆነ አምልጦ የወጣው እንፋሎት እዚያው ቀርቶ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ጸጉሩን ያረጥበዋል። ኮርኒሱ ግን ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ሁሉ በደንብ ይገጠም። ነፋሱ ከኮርኒስ በላይ እንጂ ከኮርኒስ በታች እንዳይሆን ነው ልፋቱ።

ግድግዳው ብሎኬት መሆኑ ሰዎች እንደሚያስቡት ቤቱን ሞቃት አያደርገውም። ጭድ በደንብ የተቦካበት ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሙቀት በመያዝ ከአንድ ረድፍ ብሎኬት ይበልጣል፤ ለጭቃ ቤት ያለን ንቀት ስለ ሙቀት ምንም አይነግረንም። ሆኖም ግድግዳውን ዘንድሮ አይንኩት፤ ወጪው ከጥቅሙ አይመጣጠንም። አልጋው ከውጭ ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ብቻ አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፣ ካልሆነም ግድግዳው ላይ ወፍራም ስጋጃ ይስቀሉ። አልጋውን ሁለት ክፍሎች ወደሚጋሩት የውስጥ ግድግዳ ማዞር ምንም ወጪ የለውም፤ ለውጡ ግን ይሰማዎታል።

በርና መስኮት ላይ ወንድምዎ በከፊል ልክ ናቸው። የብረት መስኮት ሲዘጋ ከፍሬሙ ጋር እምብዛም አይገጥምም፤ የላሜራ በር ሥር ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል። መስታወቱ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ስቱኮው ረግፏልና ያስሞሉት። በፍሬሙ ዙሪያ ማጣበቂያ ያለው ስስ ስፖንጅ ይለጥፉ። ለበሩ ሥር በአሸዋ የተሞላ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ይበቃል። ፕላስቲክ ከተፈለገ ፀሐይ በማያገኘው መስኮት ላይ ብቻ፣ ከመስታወቱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ ተደርጎ ይወጠር፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ መሐል ላይ አየር ስለሌለው አይጠቅምም። የአንዱ መስኮት መክፈቻ ሁልጊዜ ነጻ ይሁን። በየመኝታ ቤቱ ከፍ ብሎ አንድ የእጅ መዳፍ የሚያክል የአየር መውጫ ይተው፤ ሰው ይተነፍሳል፣ እንፋሎቱም መውጫ ይፈልጋል። ይህ መውጫ ስላለ ከሰል ይገባል ማለት ግን እንዳልሆነ ደግሜ ልናገር። እዚህ ላይ ቅደም ተከተልም አለ፤ ኮርኒስ የሌለበትን ክፍል በርና መስኮት ማሸግ ሙቀቱን በጣሪያው እያፈሰሰ እንፋሎቱን ያበዛል፤ ውጤቱ የባሰ መንጠባጠብ ነው።

ፀሐይዋን እንጠቀምባት። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ 11 ዲግሪ ሰሜን ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በደቡብ በኩል አዘንብላ ትሄዳለች፤ በሰኔ ግን እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ናት። ስለዚህ በብርዱ ወራት ዋናው የሙቀት መግቢያ የደቡብ መስኮት ነው። ጠዋት ፊትዎን ወደ ፀሐይ መውጫ ሲያዞሩ በቀኝዎ ያለው እርሱ ነው። ከሁለቱ መኝታ ቤቶች መምረጥ ከተቻለ፣ ቤተሰቡ ሕፃኑን ይዞ ደቡብ ወይም ምሥራቅ መስኮት ባለው ይደር፤ የቤቱ ሰው «ዋና መኝታ» ብሎ የሰየመው የትኛውም ይሁን። ጠዋት ከሁለት ተኩል ወይም ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ይገለጥ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ይምታው። ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ውጩ በሞቀበት ሰዓት፣ መስኮቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ወለል ብሎ ተከፍቶ እርጥቡ አየር ይውጣ። ማታ መጋረጃው የሚዘጋው ሲመሽ መሆን የለበትም፤ ጦሳ ፀሐይዋን በጋረደ ሰዓት፣ ምናልባትም ከአሥር ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይዘጋ። የመጋረጃው ጨርቅ ወፍራም፣ ታችኛው ጫፉም ወለሉን ወይም የመስኮቱን መደገፊያ የሚነካ ይሁን። የሕፃኑ ልብስ ውጭ ይሰጣ፤ መኝታ ቤት ውስጥ ገመድ አይዘርጉ።

ስለ አልጋው በአጭሩ። ሰው የሚደርበውን ያበዛል፣ የሚያነጥፈውን ይረሳል። ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ከሰውነት ክብደት በታች ተጨፍልቆ ቅዝቃዜውን ያሳልፋል፤ ሊሾ ወለል ላይ የተዘረጋ ፍራሽማ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትዎን ይጠጣል። አልጋ ይኑር፤ ከአንሶላው ሥር ባና ይነጠፍ፤ ከላይ ቡልኮ ወይም ሌላ ባና ይደረብ። ሱፍ እርጥበት ቢጠጣም ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ከውጭ ከሚመጣው አብረቅራቂ ብርድ ልብስ የምመርጠው በዚህ ነው። ወለሉ ላይ ሰሌን፣ ከላዩ ስጋጃ ወይም አጎዛ ካለ እግርዎ ያመሰግንዎታል። የፍል ውሃ ከረጢት ከመኝታ በፊት አልጋውን ለማሞቅ ጥሩ ነው፤ በጨርቅ ይጠቀለል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላውን ያዘገየዋል እንጂ ቆዳ ከማቃጠል አይመለስም። ሕፃኑ ሲተኛ ከረጢቱ ከአልጋው ይውጣ።

ለሕፃኑ ብርድ ብቻ ሳይሆን ከመጠን ያለፈ መደራረብም አደጋ ነው። ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ሲተኛ ፊቱ ምንጊዜም ይገለጥ፣ ከባድ ብርድ ልብስ አይደረብበት፣ በጀርባው ይተኛ። መቀዝቀዙን የሚያውቁት እጁን በመንካት አይደለም፤ የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይንኩ። እዚያ ከቀዘቀዘ፣ ወይም መጥባት ካቆመና ከደከመ፣ ነገሩ ከቤት አሠራር ወጥቷልና ወደ ሐኪም ይሂዱ።

የባለቤትዎ ማሞቂያ እንደ መሣሪያ ክፉ አይደለም፤ ከከሰል ጋር ሲነጻጸር ጋዝ አያወጣም። አሁን መግዛቱ ግን የማይመከር ነው። ባለ 2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ያህል ይስባል። በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ የመብራት ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ የሚያድግ ነው። ይህን ሁሉ ከፍለው ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ የሚያሞቁት የጦሳን ሰማይ ነው። የድሮ ኪራይ ቤት ሽቦም አብዛኛውን ጊዜ ለአምፑልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ነው፤ ምጣድና ማሞቂያ በአንድ መስመር ላይ ሲገጥሙ፣ ወይም ማሞቂያው በረጅም ማከፋፈያ ገመድ ሲሰካ፣ የሚግለው ገመዱ ነው። መብራት በሄደበት ሌሊት ደግሞ ማሞቂያው ዕቃ ብቻ ነው። ኮርኒሱ ግን መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቤቱ እንደ መተሐራ ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው መመሪያ በብርድ ወቅት ለቤት ውስጥ የሚበጀው ዝቅተኛ ሙቀት 18 ዲግሪ እንደሆነ አስፍሯል። ማሞቂያ የሌለው የብሎኬት ቤት በታኅሣሥ ንጋት ላይ ያን ያህል ላይይዝ ይችላል። ኮርኒሱ ከተሠራ በኋላ አንድ የክፍል ቴርሞሜትር ገዝተው ከአልጋው ቁመት ትይዩ ይስቀሉና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያንብቡት። ቁጥሩ ለሳምንት ያህል ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ፣ ያኔ ማሞቂያው ይገዛ፦ ቴርሞስታት ያለው፣ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ፣ ከ1,000 ዋት የማይበልጥ፤ በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካ፣ ከአልጋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር የራቀ። የሚሠራውም ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት፣ ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ይሁን። ኮርኒስ በተሠራለት ጣሪያ ሥር ግማሹ ኃይል የሙሉውን ሥራ ይሠራል።

ስለዚህ የምመክርዎት ቅደም ተከተል ይህ ነው። ዛሬ ማታ ከሰሉ ይውጣ፣ አልጋው ከውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ሁላችሁም አንድ ክፍል ውስጥ እደሩ። በዚህ ሳምንት ገንዘቡ በሙሉ ለዚያ ለአንዱ መኝታ ቤት የችፑድ ኮርኒስና ለድርቡ ይዋል፤ ሁለቱን ክፍሎች በስስ ነገር ከመሸፈን አንዱን በደንብ መሥራት ይበልጣል። ከዚያ በሩና መስኮቱ ይታይ። ሁለተኛው መኝታ ቤት ለከርሞ ይቆይ።

ቤቱ የኪራይ መሆኑ አንድ ነገር ይጨምራል። ኮርኒስ ከቤቱ ጋር የሚቀር ሥራ ስለሆነ ወጪው የእርስዎ ብቻ ሊሆን አይገባም። ከመጀመርዎ በፊት አከራዩን ጠርተው ጠዋት ላይ የሚንጠባጠበውን ያሳዩአቸው፤ እንጨታቸውንና ቆርቆሯቸውንም እየጎዳ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ ያ ከሕፃኑ ብርድ ይልቅ በቶሎ ሊገባቸው ይችላል። ወጪው በስንት ወር ከኪራዩ እንደሚቀነስ በጽሑፍ ይስፈር፣ ደረሰኙም ይቀመጥ። እምቢ ካሉ፣ ችፑዱ በሚስማር ፈንታ በብሎን ይታሰር፤ ስትለቁ ፈትታችሁ ትወስዱታላችሁ። መስኮቱ ላይ የወጠራችሁትን ፕላስቲክ ግን የካቲት ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ፣ አንሱት። ያኔ የሚመጣው ብርድ እርጥብ ነው፤ እርጥብ ብርድ የሚፈልገው ነፋስ ነው።